ያልጠየቁንን እውነት ስለ መናገር

ሰው ያልከዳውን ነገር ለምን ይተዋል? ይህ ጥያቄ ስለ ወዳጅ ወይም ስለ አገር ሲነሣ ታላቅ ጥያቄ ነው፤ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ሲነሣ ግን ሰውን ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው በታላላቅ ነገር ብቻ አይደለም። በታላቁ ነገር ጊዜ ብዙ ሰው ስለሚመለከተው ይጠነቀቃል፤ በትንሹ ነገር ጊዜ ግን የሚያየኝ የለም ብሎ እንደ ልቡ ያደርጋል። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ መኪናዬን ሸጬ ጥቂት ብቻ ያገለገለች መኪና በገዛሁ ጊዜ ያገኘኝን ነገር ስነግርህ፥ የመኪና ወሬ ነው ብለህ አትለፈው። ነገሩን የማወራልህም መልካም ስለ ሠራሁ አይደለም፤ መልካሙን አንድ ቀን ዘግይቼ ስለ ሠራሁት ነው።

የምኖረው በጎንደር ከተማ፥ ከቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። ቀሐ ታላቅ ወንዝ አይደለም፤ በበጋ ጊዜ ልጆች ይሻገሩታል። ነገር ግን በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል የዐፄ ፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከእርሱ በሚመጣ ውሃ ነው። ስለዚህ አገልግሎት በመልክ እንደማይለካ ከዚህ ወንዝ ብዙ ጊዜ ተምሬአለሁ፤ ተምሬም ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ።

ዕድሜዬን በመምህርነት አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። በ1994 ዓ. ም. ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ገዛሁ። ይህችን ዓይነት መኪና ሕዝቡ ዲኤክስ ይላታል። እኔ እጅ ስትገባ ወጣት አልነበረችም፤ በሌላ ሰው እጅ ብዙ ዓመት አገልግላ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ 23 ዓመት እኔን አገለገለች። ባለቤቴን በምጥ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰች እርስዋ ናት። ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሳ ለወግ ለማዕረግ አበቃች፤ የእናቴንም አስከሬን ተከትላ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሄደች። በመንገድ ላይ ጥላን የቀረችበት ቀን አልነበረም።

በአገራችን መኪናን ያወቅነው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ነው። ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ጎማ፥ ታርጋ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከደባርቅ በላይ ካለው ከወልቀፊት ጀምሮ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርደውንም መንገድ የሠሩት፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. አገራችንን በወረሩበት ዘመን ጣልያኖች ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱና ቃሉ ግን ቀርተው የቤት ሆኑ። ፊደል ያልቆጠረ መካኒክ እንኳ ካንዴላ ሲል ባዕድ ቃል የተናገረ አይመስለውም። አንዲትም መኪና በአንድ ሰው እጅ ብዙ ከኖረች እንዲሁ ባዕድነትዋ ይቀርና የቤት ትሆናለች፤ ጉድለትዋም እንደ ቤተ ሰብ ጉድለት ይታወቃል።

የእኔይቱን ጉድለት አንድ በአንድ ዐውቀው ነበር። በብርድ ጠዋት ነዳጅ መስጫውን ሁለት ጊዜ ካልረገጥሁ አትነሣም። የግራው የኋላ በር ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይከፈትም። በየሳምንቱ ውሃ መጨመር ያስፈልጋታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ፍሬኗ ነበር። የኋላ እግሮችዋን የሚይዘው የፍሬን ታምቡር ቶርኖ ቤት ተልጦ ተልጦ እጅግ ሣስቶ ነበር። የሣሣ ብረት ቶሎ ይግላል፤ ሲግልም ይሰፋል፤ ሙቀቱ የፍሬኑን ዘይት እስኪያፈላው ከደረሰ ደግሞ በዘይቱ ውስጥ አየር መሰል እንፋሎት ይፈጠራል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ትራስ ይሰምጣል፤ መኪናዋም አትቆምም። በሜዳ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው በረጅም ቁልቁለት ነው። እኔ ግን ይህን ስለማውቅ ቁልቁለት ስደርስ 2ኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሩ ጉልበት እየያዝኋት እወርድ ነበር። ይህን ጉዳይ ለማንም አልተናገርሁም፤ ባለቤቴ እንኳ አታውቀውም ነበር።

አበው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል። የታወቀ ጉድለት ግማሹ እንደ ተጠገነ ይቈጠራል። ነገር ግን ምሳሌው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም፥ እኛ የምናውቀውን ሰይጣን ለማያውቀው ሰው ያስረከብን እንደ ሆነ ምን ይሆናል? ብሎ አይጠይቅም።

እንግዲህ መኪናዋን ለመለወጥ ያሰብሁበትን ቀን ልንገርህ። በ2017 ዓ. ም. የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሲያገባ ወደ ሰርጉ አዳራሽ ሄድሁ። ዘበኛው ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይችን ወደ ጓሮ ቢያቆሙልን? ከፊት ለፊቱ ሙሽሮቹ ፎቶግራፍ ይነሣሉ» አለኝ። ልጁ በአክብሮት ነው የተናገረው፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። እኔም እሺ ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኋት፤ ነገር ግን ያን ቀን የበላሁት ምግብ አልጣመኝም።

በማግሥቱ ለባለቤቴ፥ «ይችን መኪና መለወጥ አለብን» አልኋት። ምክንያቱንም ደረደርሁ። መለዋወጫ ጠፍቷል፤ ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ሰልፍ እይዛለሁ፤ መንግሥትም በጥር ወር 2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሆኗል አልኋት። እርስዋም ቡናዋን እየቀዳች፥ «ይህ ሁሉ ምክንያት ከትናንት ወዲያም ነበረ። ትናንት ምን ተጨመረበት?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

ዲድሮ የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 ስለ አሮጌ የቤት ካባው አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ያማረ ቀይ ካባ አግኝቶ አሮጌውን ጣለ። አዲሱን ከለበሰ በኋላ ግን ወንበሩም ጠረጴዛውም ሥዕሉም ያረጁበት መስለው ታዩት፤ አንድ በአንድ ለወጣቸው። በመጨረሻም የአሮጌው ካባ ጌታ እንደ ነበረ፥ የአዲሱ ግን አገልጋይ እንደ ሆነ ተረዳ። ዲድሮን ያሞኘው ብርድ አልነበረም፤ ዓይኑ ነው። እኔንም ያነሣሣኝ ነዳጅ አልነበረም፤ የዘበኛው ጣት ነው።

ነገር ግን በራሴ ላይ ያለ መጠን እንዳልፈርድ ሌላም እውነት አለ። አንድ ነገር ለመግዛት ስናስብ፥ «ማንም የማያየኝ ቢሆን እገዛው ነበርን?» ብለን ብንጠይቅ የከንቱ ውዳሴንና የእውነተኛውን ጉዳይ ወሰን እናገኛለን። ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀረብሁ ጊዜ፥ ነዳጁም መለዋወጫውም ባልገዛሁ ነበር የሚያሰኝ ምክንያት ሆኖ አገኘሁት። አንድ ምክንያት ብቻ፥ ማንም ባያይም ግዛ የሚል ነበር፤ እርሱም ፍሬኑ ነው። እርጅናዬ እየገፋ፥ እግሬም እየዘገየ በሄደ ቁጥር በ2ኛ ማርሽ መውረድ ብቻ አይበቃኝም ነበር። ስለዚህ መኪናዋን ለመለወጥ አንድ እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ። አንባቢ ሆይ፥ አሁን ልብ በል። ለባለቤቴም፥ ለልጆቼም፥ ለወዳጆቼም ብዙ ምክንያት ስደረድር ይህን አንዱን ብቻ አልተናገርሁም። ለምን? ብናገረው መኪናዋ ዋጋ ታጣለችና ነው።

ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ፥ «አባዬ፥ ፈጽሞ አዲስ አትግዛ፤ አንድ ዓመት ተኩል የተነዳች ፈልግ» ብሎ መከረኝ። በሌላ አገር ይህ ምክር የታወቀ ነው። አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋጋው ብዙ ስለሚያጣ፥ ጥቂት ያገለገለውን የገዛ ሰው ያን ኪሣራ ለመጀመሪያው ባለቤት ትቶለት ይገዛል። በአገራችን ግን ሒሳቡ እንዲህ ቀጥተኛ ሆኖ አያውቅም። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ የሚገባውን አሮጌ መኪና ከአዲሱ ይልቅ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለበት፤ በአገር ውስጥ የነበሩትም አሮጌ መኪናዎች ተወደዱ። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። ስለዚህ በእኛ አገር መኪና እያረጀ ዋጋው ሲጨምር የታየበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰውም መኪናውን እንደ ወርቅ ይይዘዋል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ገና አንድ ዓመት ተኩል የነዳትን መኪና ሊሸጥ ሲያወጣ፥ ገዢ ሁሉ፥ «ምን ነውር ቢያገኝባት ነው?» ብሎ ይጠረጥራል።

ይህ ጥርጣሬ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ጉድለትዋ የተሸሸገ መኪና ሎሚ ይሏታል። አኬርሎፍ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ስለዚህ የሎሚ ገበያ ጻፈ፤ በ2001ም ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሻጭ ጉድለቱን ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢውም መልካሙን ከክፉው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ መልካም መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ክፉ መኪና ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ስለዚህ ገበያው እያደር በክፉው ይሞላል። አየህን? የአንዱ ሻጭ ዝምታ አንዱን ገዢ ብቻ አይጎዳም፤ እውነተኛውን ሻጭ ሁሉ ከገበያ ያስወጣል።

እኔ ያገኘኋት መኪና በኤሌክትሪክ የምትሠራ፥ አንድ ዓመት ተኩል የተነዳች ናት። ባለቤትዋ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ወጣት ነበረ። እኔም በጥርጣሬ ተሞልቼ ሃያ ጥያቄ ይዤ ሄድሁ። ወጣቱ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ፥ «መምህር፥ መጀመሪያ የማይወዱትን ልንገርዎ» አለኝ። በጥርጊያ መንገድ ላይ ሆድዋን ድንጋይ እንደ መታት፥ ባትሪው ከዚያ ስለሚገኝ አዲስ አበባ ወስዶ እንዳስመረመራት ነገረኝ፤ ወረቀቱንም አሳየኝ። የባትሪው አቅም ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደ ቀነሰ በመሣሪያ አስነበበልኝ። «ሌሊቱን በቤት መብራት ሞልታ ታድራለች። ነገር ግን በወረቀት የተጻፈላትን ያህል ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለው እንዳያምኑ፤ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ሲወጡ ቶሎ ትጨርሳለች። ሲወርዱ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ እየያዘም ለባትሪው ጥቂት ኃይል ይመልሳል» አለኝ።

እኔ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? በልቤ አመሰገንሁት፤ በአፌ ግን የድንጋዩን ምት ምክንያት አድርጌ ዋጋ ቀንስልኝ አልሁት። እርሱም ቀነሰልኝ። ቀብድ ሰጠሁትና ቀሪውን አሮጌዪቱን ሸጬ ላመጣ ተስማማን። ያን ዕለት የሰውን እውነት እንደ ገንዘብ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ደላላው ለእኔይቱ ገዢ ይዞ መጣ። ከመግባቱ በፊት ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፥ «መምህር፥ ያልተጠየቁትን አይመልሱ» አለኝ። ገዢው ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆነው ጨዋ ሰው ነበረ፤ መካኒክም ይዞ ነበር። ሞተሩን አስነሥተው አዳመጡ፤ ኮፈኑን ከፍተው አዩ፤ ከዚያም ወደ አዘዞ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ነዷት። በሜዳ ላይ ፍሬኗ እንደ አዲስ ይይዛል። ሲመለሱ ገዢው፥ «መምህር፥ ችግር የለባትም አይደል?» አለኝ። እኔም፥ «ይኸው 23 ዓመት አገለገለችኝ፤ አንድ ቀን በመንገድ ጥላኝ አታውቅም» ብዬ መለስሁለት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ቃል ላይ እንቁም። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነው። አንድ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን በሕይወቴ ከተናገርሁት ውሸት ሁሉ ይህ እውነት ይብሳል። ውሸታም ቢያንስ ከእውነት ይሸሻል፤ እኔ ግን እውነትን ራስዋን ይዤ መጋረጃ አደረግኋት። ሰውዬው የጠየቀኝ ስለሚመጣው ዘመን ነው፤ እኔ የመለስሁለት ስላለፈው ነው። እርሱም ምርቃት የሰማ ያህል ደስ ብሎት ቀብድ ሰጠኝ። ሊሄድ ሲነሣ፥ «እናቴ አዲ አርቃይ ናት። መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ልጆቼን ይዤላት እወርዳለሁ። እስካሁን በሰው መኪና ነበር የምንሄደው» አለኝ።

አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ በታች ናት። ከወልቀፊት ወደዚያ የሚወርድ ሰው በጠመዝማዛው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ሌሊት ሲነቃ ራሱ ከሳሽ፥ ራሱም ጠበቃ ይሆናል። ጠበቃው ብዙ ተናገረ። «ስለ ፍሬን አልጠየቀህም» አለ። «መካኒክ ይዞ መጥቶአል፤ ዓይን የተሰጠው ለማየት ነው» አለ። «ዋጋውም ያን ያህል አልተጋነነም፤ ደግሞስ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ አይደለምን?» አለ። ከሳሹ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «አንተ ራስህ ለምን ነበር መኪናዋን የምትለውጠው?» አለኝ።

ለመሸጥ ያበቃኝ እውነተኛው ምክንያት ገዢው ሊያውቀው የሚገባው እርሱው ምክንያት ነበር። ለእኔ ለመሸሽ የበቃ ነገር ለእርሱ ለማወቅ እንዴት አይበቃውም? ከዚህም በላይ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። 23 ዓመት ሙሉ ታማኝ መኪና አለችኝ እል የነበረው ስሕተት ነው። ታማኝ የነበረችው መኪናዋ ከእውቀቴ ጋር ተጣምራ ነው። ብረቱ ብቻውን ታማኝ አልነበረም፤ ብረቱ፥ 2ኛው ማርሽና የእኔ ፍርሀት አንድ ላይ ሆነው ነው በሰላም ያወረዱን። አሁን ግን እውቀቴን ለራሴ አስቀርቼ ብረቱን ብቻ ልሸጥ ነው። እኔ የነዳኋትና እርሱ የገዛት መኪና በታርጋ አንድ ትሁን እንጂ በእውነት አንድ አይደለችም።

በእርግጥ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ሊናገር ይገደዳልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝምታ ሦስት ዓይነት ይመስለኛል። አንደኛው የማያውቅ ሰው ዝምታ ነው፤ ይህ ነቀፌታ የለበትም። ሁለተኛው የሌላውን ሰው ምሥጢር ወይም የራስን የግል ነገር የሚጠብቅ ዝምታ ነው፤ ይህም ጨዋነት ነው። በስንት ገዝቼ እንደ ነበረ፥ ገንዘቡንም ለምን እንደምፈልገው መናገር አልገደድም። ሦስተኛው ግን ገዢው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውንና ሊጎዳው የሚችለውን ነገር እያወቁ ዝም ማለት ነው። ይህ ዝምታ ንግግር ነው፤ «ደኅና ናት» የሚል ንግግር። ሦስቱን የምንለይበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከዝምታዬ የሚጠቀም ማን ነው? የሚከፍልስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ነው። ተጠቃሚው እኔ፥ ከፋዩ ሌላ ሰው ከሆነ ዝምታዬ ሌብነት ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን አይስተውም። በጎንደር ሊቃውንት ሲማሩት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ የሚናገር ክፍል አለው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ዳኛ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በሊማሊሞ ገደል ላይ ከሚደርስ ጉዳት በኋላ ከሳሽም ላይኖር ይችላል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ሲነጋ ለገዢው ደወልሁለትና ና አልሁት። መኪናዋን ራሴ እየነዳሁ ወደ ቁስቋም ወጣን፤ ከዚያም ወደ ቀሐ የሚወስደውን ቁልቁለት ማርሹን ሳልጠቀም ፍሬኑን ብቻ እየረገጥሁ ወረድሁ። ተመልሰን ወጣን፤ ደግመን ወረድን። በሦስተኛው ጊዜ ከታች ካለው ሜዳ ስንደርስ፥ «አሁን አንተ ርገጠው» አልሁት። እግሩን ሲያሳርፍ ፔዳሉ እስከ ታች ሰመጠ። የተቃጠለ ብረት ሽታ በመኪናዋ ውስጥ ነበረ።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ያመሰግነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባኝም። እርሱ ግን ዓይኔን አይቶ፥ «መምህር፥ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ቀብዱን መለስሁለት፤ ተሰናብቶኝም ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ያን ጊዜ የተማርሁት ነገር አለ። ዘግይቶ የተነገረ እውነት ጉዳትን ይከለክላል፤ መታመንን ግን አይመልስም። ሰውዬው ከእኔ የራቀው ፍሬኑ ስለ ተበላሸ አልነበረም፤ አንድ ሌሊት ሙሉ በልጆቹ ሕይወት ላይ ሒሳብ ስሠራ ማደሬን ስላወቀ ነው።

ደላላው ተቆጥቶ እጁን አነሣ። እኔም ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ፍሬኑን አስቀድሜ እናገር ጀመር፤ ብዙዎቹም እየሰሙ ተመለሱ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ መካኒክ፥ ታምቡሩን ራሱ ሊለውጠው አስቦ፥ መጀመሪያ ከተስማማሁበት ዋጋ በ90,000 ብር አሳንሶ ገዛኝ። የጎደለኝን ገንዘብ ከዕቁብ ሞላሁት። ለአዲሲቱም መኪና ሻጭ፥ ስለ ነገረኝ እውነት የቀነሰልኝን ዋጋ መልሼ አልቀበልም አለ እንጂ ልከፍለው ጠይቄው ነበር። «ያ የእርስዎ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ይክፈሉት» አለኝ።

አሁን የምነዳት መኪና ጸጥ ያለች ናት፤ ዘበኛም ወደ ጓሮ አይልካትም። ነገር ግን ገና እንግዳ ናት፤ ጠባይዋን ገና አልለመድሁም። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ ከሊብሬዋ ጋር አስቀምጫለሁ። የተመታችበትን ቀን፥ የተጠገነላትን፥ ያልተጠገነላትን፥ በየትኛው ዳገት ላይ እንደምትደክም ከነቀኑ እጽፍበታለሁ። እኔ ብሞት ልጆቼ ሲሸጡዋት ደብተሩን አብረው እንዲሰጡ አዝዣቸዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የሚጀምረው የፊተኛው ባለቤት በነገረኝ ነገር ነው፤ ሆድዋን ስለ መታት ስለዚያ ድንጋይ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አሮጌውን ትተህ አዲሱን መምረጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አሮጌውንም የሙጥኝ ማለት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ነገር ግን አንድን ነገር ለምን እንደምትተወው ለራስህ ከነገርኸው በኋላ፥ ያንኑ ምክንያት ለሚረከብህ ሰው ለመንገር ድፈር። ሊናገሩት የሚያስፈራ ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነተኛው እርሱ ነው። ስትናገረውም ዛሬ ተናገረው፤ «ትናንት ለምን አልነገርኸኝም?» ለሚል ሰው የሚሆን መልስ እኔ ፈልጌ አላገኘሁምና።